ዲሹ ቆሞ፣ ሳተላይቱ እየሮጠ

«ሳተላይት የሚዞር ከሆነ፣ ጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ ለምን አብሮ አይዞርም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን ደግሞ አውድማ ላይ እህል ያበራየ ሰው ቶሎ ይረዳዋል።

በሬዎች ጎን ለጎን ሆነው አውድማውን ሲዞሩ የውስጠኛው ቀስ ይላል፤ የዳረኛው መንገዱ ስለሚረዝም ይፈጥናል። ሆኖም ሳይለያዩ ዙሩን እኩል ይጨርሳሉ። መሬትና ሳተላይቱም እንደዚሁ ናቸው። መሬት በቀን አንዴ በራሷ ላይ ትዞራለች። ሳተላይቱም ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ በሰዓት 11,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ፣ በዚያው ጊዜ ዙሩን ይጨርሳል። ስለዚህ ከታች ሲታይ አንድ ቦታ የቆመ ይሆናል።

ሥራውም ቀላል ነው። ከመሬት ጣቢያ የተላከለትን ምስልና ድምፅ ይቀበላል፣ ያጎለብታል፣ ወደ ታች ይመልሳል። ደርሶ መልሱ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል።

የእስራኤል የመጀመሪያው የመገናኛ ሳተላይት አሞስ 1 በ1996 ወደ ሰማይ ወጣ። አሞስ 2 በ2003፣ አሞስ 3 ደግሞ በ2008 ተከተሉት። የተሰማሩበት ቦታ 4 ዲግሪ ምዕራብ ነበር። አሞስ 6 ግን አልታደለም፤ በመስከረም 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሮኬቱ ገና ሳይነሳ ፈንድቶ አብሮ ጠፋ።

ከአቲቆት ሆኖ ወደዚያ ቦታ የሚያይ ዲሽ ፊቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። ርቀቱ ትልቅ ስለሆነ ዲሹ አንዲት ዲግሪ ብቻ ቢዘነብል፣ ሰማይ ላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል። በሀገር ቤት ደግሞ ብዙዎቹ ጣቢያዎች የሚተላለፉት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ከቆመው ኤንኤስኤስ 12 ነው። ለዚህ ነው ለአሞስ የተተከለ ዲሽ የአዲስ አበባን ጣቢያ የማያመጣው፤ ዲሹ ስለተበላሸ አይደለም።

ዕብራይስጥ ለማያነብ ሽማግሌ በአማርኛ የሚሰማው ዜና የዓለም መስኮቱ ነው። ምስሉ ሲቆራረጥ ታዲያ መጀመሪያ ሰማዩን ይመልከቱ፤ ከባድ ዝናብ ከሆነ ሲያባራ ይመለሳል። ቀጥሎ ከዲሹ ፊት ለፊት ያደገ ዛፍ ወይም አዲስ ሕንፃ እንዳለ ይዩ። ሁለቱም ካልሆኑ ዲሹ ተነቃንቆ ሊሆን ይችላል። እባክዎ ጣሪያ ላይ አይውጡ፤ ቴክናይ ይጥሩ። ሳተላይቱ እንደሆነ ከቦታው የትም አይሄድም።