ስለ ዓሣ ጠባይና ስለ ጠባቂው ኃላፊነት



ከእንጦጦ ግርጌ በተዘረጋው ሰፈራችን በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በግቢያቸው ጥግ ኩሬ ቆፍረው ዓሣ ለማርባት የሚያስቡ ጎረቤቶች ስላሉ፣ ይልቁንም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ምኞት በብዙ ሰው ልብ ስላደረ፣ «ዓሣው ደኅና መሆኑን በምን እናውቃለን?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ ባለመሆኑ፣ የማውቀውን በዚህ ጽሑፍ አብራርቼ ለማቅረብ ወደድሁ።

ላም ስትራብ ትጮኻለች፣ ዶሮ ስትታመም ክንፏን ትጥላለች፤ ዓሣ ግን ሕማሙንም ሆነ ረኃቡን በጆሯችን በምንሰማው ድምፅ ሳይገልጽ ከዓይናችን በተሰወረ ዓለም የሚኖር ፍጥረት ነው። በሐይቅ ያለው ዓሣ ውሃው ባልተስማማው ጊዜ ወደሚስማማው ስፍራ ይሸሻል፤ በኩሬ ወይም በመረብ ውስጥ የተያዘው ግን መሸሻ የለውም፤ መብሉም፣ እስትንፋሱም፣ ንጽሕናውም በጠባቂው እጅ ነው። እንግዲህ ፍጥረትን ከነጻነቱ ለይቶ ለራሱ ጥቅም የዘጋበት ሰው፣ የዚያን ፍጥረት ጠባይ የማወቅ ግዴታ አብሮ እንደ ተቀበለ መቍጠር ይገባዋል። ዛሬ በዓሣ ርባታ የሚያገለግሉ የውሃ ውስጥ መሣሪያዎችም ጥቅማቸው ይህን ግዴታ ለመፈጸም መርዳታቸው ነው፤ ከዚህ ዓላማ ከተለዩ ግን ጌጥ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

የዓሣ ጠባይ በብዙ ምልክት ይነበባል። ሰውነቱን ከኩሬው ግድግዳ ጋር ደጋግሞ የሚያሽ ዓሣ ብዙ ጊዜ ጥገኛ ተሕዋስያን እንደ ያዙት ያመለክታል፤ ከመንጋው ተለይቶ በዳር የሚንሳፈፍ፣ ወይም ትናንት ተሻምቶ የበላውን መኖ ዛሬ ቸል የሚል ዓሣም ጠባቂውን ያስጠነቅቃል። ዳሩ ግን የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ንባብ በልዩ ልዩ ትርጓሜ እንደሚያስረዱት ሁሉ፣ አንዱ ምልክት እንደ ዓሣው ዓይነት ትርጓሜው ይለወጣል። ቆሮሶ በማለዳ ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ቢታይ የኦክስጅን እጥረት እንዳስጨነቀው እናውቃለን፤ አምባዛ ግን ከስንጥቡ ሌላ አየር መሳቢያ አካል ስለ ተሰጠው፣ ብቅ እያለ አየር መሳቡ ልማዱ እንጂ ሕማሙ አይደለም። እንዲሁም እናቲቱ ቆሮሶ ዕንቍላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ ይዛ የምትጠብቅ በመሆኗ፣ በዚያ ወራት ከመብል መታቀቧ ስለ ልጆቿ የምትጾመው ጾም እንጂ የበሽታ ምልክት አይደለም።

የኩሬ ዓሣ ከሁሉ ይልቅ የሚጨነቅበት ጊዜ እኛ በእንቅልፍ ላይ ሳለን፣ ከመንፈቀ ሌሊት እስከ ነግህ ያለው ሰዓት ነው። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ረቂቃን ዕፀዋት ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም እንደ ዓሣው ስለሚተነፍሱ፣ በቀን የተጠራቀመው እያለቀ ሄዶ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ከዝቅተኛው መጠን ይደርሳል። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ነገሩ የባሰ ነው፤ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ከዚህም ሌላ ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ውሃ የሚፋፋ፣ ከ20 በታች እድገቱ የሚዘገይ፣ ወደ 16 ሲቃረብም መብሉን የሚተው የቆላ ዓሣ ነው። ስለዚህ ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ ማለዳ ሳይበላ የዋለውን ቆሮሶ «ታመመ» ብሎ መኖ የሚጨምርለት ሰው፣ የተረፈው መኖ በስብሶ ያለውን ኦክስጅን እንዲጨርስ ያደርጋል፤ ሊያድነው ያሰበውንም ያጠፋዋል።

በሌላው ዓለም ይህን ጥበቃ በመሣሪያ ማገዝ ከተጀመረ ቆይቷል። በኖርዌይ አንዱ መረብ በሕግ እስከ 200,000 ሳልሞን ሊይዝ ስለሚችል፣ ባለሙያው በየብስ ላይ ካለ ክፍል ተቀምጦ በውሃ ውስጥ የተተከለ ካሜራ የሚልክለትን ምስል እያየ ዓሣው በፍላጎት ሲበላ መኖውን ይለቃል፤ መኖው ሳይነካ ወደ ታች ሲሰጥም ሲያይ ያቆማል። ጥንድ ዓይን ያለው ካሜራም የዓሣውን ርዝመት ለክቶ፣ ዓሣው ከውሃ ሳይወጣና ሳይንገላታ ክብደቱ እንዲገመት ያስችላል።

ነገር ግን ይህን አይቶ ወዲያው ካሜራ ለመግዛት መቸኮል አይገባም፤ ካሜራ የሚያየው ውሃው የጠራ ሲሆን ነውና። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1865 አንጄሎ ሴኪ የተባሉ ኢየሱሳዊ ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ ነጭ ሳሕን በገመድ ወደ ባሕር አውርደው ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት በመለካት የውሃን ጥራት የሚመረምሩበትን ዘዴ አሳይተዋል። በዚሁ ዘዴ ብንመረምረው በደንብ የዳበረ የቆሮሶ ኩሬ ሳሕኑን ከአንድ ስንዝር ብዙም ሳያሳልፍ ይሰውረዋል፤ የሰው ዓይን በማያይበት በዚያ አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ካሜራም ብዙ አያይም። ድምፅ ግን በውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ ድፍርስም አያግደውም። በዚህም ምክንያት በኢኳዶር የሽሪምፕ ኩሬዎች በውሃ ውስጥ የተሰቀለ ማዳመጫ እንስሳቱ መኖውን ሲቆረጥሙ የሚሰማውን ድምፅ እያዳመጠ፣ መኖ ማቅረቢያው በፍላጎታቸው ልክ እንዲለቅ ያደርጋል። የድምፅ ማዕበል ልኮ ገደል ማሚቶውን የሚቀበለው ሶናርም በጨለማና በድፍርስ ውሃ የመንጋውን ብዛትና አቀማመጥ ያመለክታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የዓሣ ምርምር መሠረት ጨርሶ አልጠፋም። በሰበታና በባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከላት አሉ፤ በቢሾፍቱ አጠገብ በኩሪፍቱ ሐይቅም ቆሮሶ በመረብ ሣጥን ውስጥ በምን ያህል ብዛት ቢያዝ በደንብ እንደሚያድግ ተመርምሯል። የእኔ ምክር እንግዲህ በቅደም ተከተል እንድንጓዝ ነው። ኩሬ ያለው ሰው አስቀድሞ የውሃ ቴርሞሜትርና የኦክስጅን መለኪያ ይኑረው፤ በነግህና በቀትር ለክቶ ከዓሣው ጠባይ ጋር በመዝገብ ይጻፈው፤ የመለኪያውን ጫፍ የሚሸፍነውን አረንጓዴ ዝቃጭ ሳይታክት ይጥረግ፤ ያልተጠረገ መለኪያ ሐሰተኛ ምስክር ነውና። የደጋው ሰው መኖውን ውሃው ከሞቀ በኋላ ይስጥ። በየዩኒቨርሲቲው ያላችሁ የምሕንድስና ወጣቶች ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣውን ካሜራ ከመቅዳት ይልቅ፣ ሌሊት ኦክስጅኑ ሲወርድ ባለቤቱን በስልክ መልእክት የሚቀሰቅስ፣ መብራት ሲጠፋም ሥራውን የማያቋርጥ፣ ድፍርሱን ውሃ በድምፅ የሚመረምር መሣሪያ ብትሠሩልን ለአገር የሚተርፍ ሥራ ይሆናል። መሣሪያው የሚነግረን የሆነውን ነገር ብቻ ነው፤ ለሆነው ነገር ትርጓሜ መስጠትና በጊዜው መድረስ የጠባቂው ፈንታ ስለሆነ፣ በቀን አንድ ጊዜ እንኳ ወርዶ ውሃውን ለመመልከት የማይተጋ ሰው ኩሬ ባይቆፍር ይሻለዋል።