ስድስቱ ቅኝ ግዛቶች አውስትራሊያን እንዴት መሠረቱ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1900 ማብቂያ ድረስ አውስትራሊያ የአህጉር ስም እንጂ የአገር ስም አልነበረም። በአህጉሩ ላይ ስድስት የብሪታኒያ ቅኝ ግዛቶች ነበሩ፤ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ቪክቶሪያ፣ ኩዊንስላንድ፣ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ምዕራብ አውስትራሊያና ታዝማኒያ። ሁሉም የየራሳቸው ፓርላማ፣ ጉምሩክና ቴምብር ነበራቸው። እርስ በርስ ሳይዋጉ አንድ አገር ለመሆን የበቁት ከአሥር ዓመት በላይ ተደራድረው ነው። ሕገ መንግሥታቸውን ያነበበ ማን ምን ፈርቶ እንደነበር በየአንቀጹ ያገኘዋል።

ሥጋቱ በከፊል ከውጭ የመጣ ነበር። ጀርመን በ1884 ከኒው ጊኒ ከፊሉን ስትይዝ፣ ፈረንሳይም በአካባቢው ደሴቶች ላይ ስትጠናከር፣ ለየብቻ መከላከል እንደማያዛልቅ ታየ። የኒው ሳውዝ ዌልሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄንሪ ፓርክስ በ1889 ቴንተርፊልድ ላይ የአንድነት ጥሪ አቀረበ፤ በ1891ም ሲድኒ ላይ በተደረገ ጉባኤ ረቂቅ ተዘጋጀ። ፓርላማዎቹ ግን ረቂቁን ችላ አሉት።

ሕዝቡን የነካው ሌላ ነገር ነው። ከሲድኒ ወደ ሜልበርን የሚሄድ መንገደኛ ድንበሯ ላይ ያለችው አልበሪ ሲደርስ ጓዙን ይዞ ይወርድና ሌላ ባቡር ይሳፈር ነበር። የኒው ሳውዝ ዌልስ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር፣ የቪክቶሪያው 1,600 ሚሊሜትር በመሆኑ አንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ሊሄድ አይችልም ነበር። ጉምሩክም ነበረ፤ ቪክቶሪያ ፋብሪካዎቿን በቀረጥ ስትከልል፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ የነጻ ንግድ ደጋፊ ነበረች። መሬይ ወንዝን ተሻግሮ እህሉን የሚሸጥ ገበሬ ጎረቤቱ ገበያ ላይ እንደ ባዕድ ይቀረጥ ነበር።

በእኔ እይታ የታሪኩ ማጠፊያ የሆነው በ1893 በዚሁ ወንዝ ዳር፣ ኮሮዋ ከተማ የተደረገው ስብሰባ ነው። ጆን ክዊክ የተባለ የሕግ ባለሙያ ሕዝቡ ራሱ ተወካዮቹን ይምረጥ፣ ረቂቁንም በሕዝበ ውሳኔ ያጽድቅ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ጉዳዩ ከፖለቲከኞች እጅ ወደ መራጩ የተሻገረው ያን ጊዜ ነው።

በ1897 እና 1898 የተካሄደው ጉባኤ ዋና ክርክሩ በትልቅና በትንሽ መካከል ነበር። ትንሿ ታዝማኒያ እንዳትዋጥ ብላ ስለታገለች ሁሉም በሴኔቱ እኩል ስድስት ስድስት መቀመጫ አገኙ። የጉምሩክ ገቢ ለፌዴራሉ መንግሥት ሲተላለፍ ደግሞ ቢያንስ ሦስት አራተኛው ለአሥር ዓመት ወደ ግዛቶቹ እንዲመለስ ተደነገገ። በ1898 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ድጋፉ ቢበልጥም፣ ሕጉ የጠየቀው 80,000 ድምፅ አልሞላም። እንደገና ድርድር ተደረገ፤ ዋና ከተማው በኒው ሳውዝ ዌልስ እንዲሆን፣ ነገር ግን ከሲድኒ ቢያንስ 100 ማይል እንዲርቅ ተስማሙ። ካንቤራ የተወለደችው ከዚህ ስምምነት ነው። በ1899 ረቂቁ አለፈ። ምዕራብ አውስትራሊያ ብዙ ካመነታች በኋላ፣ የወርቅ ማዕድን አካባቢዎቿ እንገነጠላለን ሲሉ በሐምሌ 1900 ድምፅ ሰጥታ ገባች። በ1891ዱ ጉባኤ የተሳተፈችው ኒው ዚላንድ ቀረች። ጥር 1 ቀን 1901 ሲድኒ ውስጥ በሴንቴኒያል ፓርክ አዲሱ አገር ታወጀ፤ ኤድመንድ ባርተን የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

በድርድሩ ቦታ ያልተሰጣቸው የምድሪቱ ቀደምት ባለቤቶች ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 127 የአገሩ ሕዝብ ሲቆጠር አቦርጂኖች እንዳይቆጠሩ ደነገገ። ይህ ነውር የተሰረዘው በ1967 ከ90 በመቶ በላይ መራጭ ሲደግፍ ነው። አዲሱ ፓርላማ በዚያው በ1901 ያወጣው የስደተኞች ሕግም ነጭ ያልሆነውን በቃል ጽሑፍ ፈተና ለማገድ የታሰበ ነበር። ዛሬ በሜልበርን ፉትስክሬይ ሠፈር የሚኖሩ ሐበሾች ያኔ ቢመጡ በር የሚዘጋባቸው ይህ ሕግ ነበር።

አንድነቱም ሁሉንም አላረካም። በ1933 የምዕራብ አውስትራሊያ መራጮች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለመገንጠል ድምፅ ሰጡ። አቤቱታው ለንደን ደረሰ፤ የብሪታኒያ ፓርላማ ግን የአውስትራሊያ መንግሥት ያልጠየቀውን አልቀበልም ብሎ በ1935 መለሰው።