ልጆች «ለምን?» ብለው እንዲጠይቁ
ስለ መምህራን ሥልጠና ከላስታ ደጋ የተላከ



በላስታ ደጋ ካሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ብትገቡ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት እንዲህ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ያነባል፤ ልጆቹም በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። ከዚያም «ገባችሁ?» ሲል «አዎ፣ ገብቶናል!» ብለው ይመልሳሉ። ነገር ግን አንዱን ልጅ አስነሥታችሁ «የገባህን በራስህ ቃል ንገረን» ብትሉት አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት ስለማያውቅ ነው።

ከምእመናን መካከል አንዳንዶች «እህልና የጣራ ቆርቆሮ በቸገረበት አገር ገንዘባችን ለመምህራን ሥልጠና ለምን ይውላል?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህም ጽሑፍ ለዚሁ መልስ እንዲሆን ቀርቧል።

አመዛዝኖ ማሰብ ማለት

አመዛዝኖ የሚያስብ ሰው የሰማውን ሁሉ እንዲሁ አይቀበልም፤ እንዲሁም አይጥልም። «ይህን ማን አለ? ማስረጃው ምንድን ነው? ሌላ ምክንያትስ ሊኖረው አይችልም?» ብሎ ይመረምራል። ወላጆች ይህን ከድፍረት ይቆጥሩታል፤ አንዳንድ አማኞችም ልጆቻችን እምነታቸውን እንዳይጥሉ ብለው ይሰጋሉ። ይሁን እንጂ የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት በደስታ ከሰሙ በኋላ ነገሩ እውነት መሆኑን ከመጻሕፍት በየቀኑ ይመረምሩ ነበር፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የተመሰገኑትም ስለዚህ ነው። ጌታችንም በ12 ዓመቱ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይሰማና ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ መጠየቅ አለማክበር አይደለም።

ይህ ነገር የልጆችን ሕይወት ይነካል። ከሰሜን ወሎ ብዙ ወጣቶች ደላላ የነገራቸውን አምነው በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው፣ በየመን አቋርጠው ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ለመግባት ተሰድደዋል። በመንገድ የቀሩትም ጥቂቶች አይደሉም። ደላላው ሲመጣ «አንተ ይህን በምን አወቅህ? ደርሶ የተመለሰው ማን ነው? እዳውን የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ልጅ የተሻለ መከላከያ አለው። ይህን ልማድ ደግሞ በአንድ ቀን ምክር አያገኘውም። በየቀኑ በክፍል ውስጥ ሊለማመደው ይገባል።

የአገሪቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ1986 ዓ.ም. ሲወጣ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ይሁን እንጂ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሳይረዱ መሸምደድ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ማንም መምህር ያውቀዋል።

ከደጃችን ያለ ምሳሌ

አንዳንዶች ይህን የውጭ አገር ሰው ያመጣው ነገር ይሉታል። ነገር ግን ከላስታ አጠገብ የምትገኘው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ የታወቀች አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና ለየኔታ ያቀርባል። መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። የሌላውን ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው፤ ከራሱ አዲስ ነገር ማምጣት አለበት፤ ሰሙንም ወርቁንም ማስረዳት አለበት። ዳዊት መድገሙና የግእዙን ግሥ በቃሉ መያዙ አልጠቀመውም ማለት አይደለም፤ ባዶ እጁን የሚያስብ የለምና። ችግሩ የዛሬው ትምህርት ቤታችን ከአባቶች ትምህርት ድግምቱን ወስዶ ቅኔውን መተዉ ነው።

ሥልጠናው እንዴት ይሰጣል?

ስለ ተማሪ ተሳትፎ ሦስት ቀን ሙሉ ሲነበብላቸው ቆይተው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ አበል ተቀብለው የሚመለሱ መምህራን አይተናል። መምህር ያስተማሩትን ሳይሆን የተማረበትን መንገድ ይደግማል። ስለዚህ በሥልጠናው መምህራኑ ራሳቸው እንደ ተማሪ ተቀምጠው ይጠየቃሉ፤ ይከራከራሉ፤ ከዚያም በባልደረቦቻቸው ፊት ያስተምራሉ። ዋና ዋናዎቹ ልምምዶች እነዚህ ናቸው፦

1ኛ/ ጥያቄውን መለወጥ። «የአፈር መሸርሸር ምንድን ነው?» በማለት ፈንታ «በክረምቱ ጎርፍ የጠረገው የትኛውን ማሳ ነው? ከጎኑ ያለውስ ለምን ተረፈ?» ብሎ መጠየቅ። ያን ጊዜ ልጆቹ ስለ እርከን ከመጽሐፉ ሳይሆን ከዓይናቸው ይናገራሉ።

2ኛ/ መታገሥ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጡት ጥናት መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚታገሡት አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር። ሦስት ሴኮንድ ሲታገሡ ግን የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ስለዚህ መምህሩ በልቡ እስከ ሦስት ይቆጥራል።

3ኛ/ መልሱ ትክክል ቢሆንም «እንዴት አወቅህ?» «እንዴት አወቅሽ?» ማለት። ስሕተትም ቢሆን አለመሳቅ፤ ልጁ የተሳሳተበትን መንገድ አብሮ መፈለግ።

4ኛ/ ክፍሉ 60 ልጅ ቢይዝም በአንድ አግዳሚ የተቀመጡት ጎረቤታሞች መጀመሪያ እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ማድረግ። በሁሉ ፊት የምታፍር ልጅ ለጓደኛዋ ትናገራለችና።

ለላሊበላ ልጆች ጥሩ የመከራከሪያ ርእስ በቅርብ አለ። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ በአንዳንዶቹ ላይ የብረት መጠለያ ተሠራ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን የከተማው ሕዝብ መጠለያው ራሱ ለአብያተ ክርስቲያናቱ አሥግቷል ብሎ ሰልፍ ወጣ። መምህሩ ክፍሉን ለሁለት ይከፍላል፤ አንዱ ወገን ስለ ዝናቡ፣ ሁለተኛው ስለ ብረቱ ክብደት ማስረጃ ያቀርባል። ከዚያም ቦታ ተለዋውጠው የተቃወሙትን ሐሳብ ደግፈው እንዲናገሩ ይደረጋል። የባላጋራን ሐሳብ በእውነት መናገር የቻለ ልጅ ባልንጀራውን በሐሰት ለመክሰስ አይቸኩልም። ጦርነት ባለፈበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ችግሩንም አንሰውርም። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ላሊበላ ገባ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጽሐፍ ይጎድላል፤ ፈተናውም ምርጫ መክበብ ስለሆነ መምህራኑ «ጊዜ የለንም» ይላሉ። ነገር ግን እስከ ሦስት ለመቆጠር ገንዘብ አያስፈልግም።

ስለዚህ የፕሮጀክት ባልደረቦች ሆይ፣ ትምህርት ቤት ስትጎበኙ የወንበሩን ቁጥር ብቻ አትመዝግቡ፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ልጅ ጥያቄ እንደጠየቀም ጻፉ። ምእመናንም በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችሁን «ለምን?» ሲሉ ዝም አታሰኙ። አባቶች «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። በላስታ ደጋ በብርድና በርቀት የሚያገለግሉትን መምህራንም በጸሎታችሁ አስቡ።