የድሬዳዋው የጥጥ ማኅበር የእግር ኳስ ቡድን አነሣሥና አወዳደቅ

የንግድ ድርጅት ሲቋቋም መዝገብ ይከፈትለታል፤ ሲዘጋም ሒሳቡ ተጣርቶ ለባለ ገንዘቡም ለሠራተኛውም የሚገባው ይታወቃል። የእግር ኳስ ቡድን ግን ብዙውን ጊዜ ሲመሠረት በጭብጨባ፣ ሲፈርስ በዝምታ ነው። በኢትዮጵያ የእግር ኳስ ታሪክ ከዚህ ዐይነቱ መጨረሻ ከደረሰባቸው ቡድኖች ዋነኛው የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ነው። ይህ ቡድን 5 ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ለመሆን በቅቶ ነበር፤ ዛሬ ግን የለም።

ነገሩ የስፖርት ጉዳይ ብቻ ቢመስልም በመሠረቱ የንግድ ጉዳይ ነው። ቡድኑን የወለደውም፣ ያሳደገውም፣ በመጨረሻም ያለ አሳዳጊ ያስቀረው የፋብሪካ ሒሳብ ነውና። ከወረታ ብዙ በማይርቀው በጎንደርም በ2008 ዓ.ም. ተመሳሳይ ነገር ስለ ደረሰ፣ የፎገራ ነጋዴ ጉዳዩን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊያየው አይገባም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ ልጅ ናት። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሥፍራው ሲደርስ ከተማዪቱ ተቈረቈረች፤ ደቻቱ የተባለው አሸዋማ ወንዝም ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ በመካከልዋ ያልፋል። ዕቃ የሚወጣበትና የሚገባበት በር ስለ ሆነች ነጋዴው ብቻ ሳይሆን ፋብሪካውም ወደ እርስዋ ተሳበ። በአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው በዚያ ነው። ጥጥ እየፈተለ ጨርቅ የሚሸምነውም ፋብሪካ ብዙ ሠራተኛ ይዞ ከከተማዪቱ ታላላቅ እንጀራ ሰጪዎች አንዱ ሆነ።

በዚያ ዘመን ከነበሩት ታላላቅ ቡድኖች የስማቸው ምንጭ ብዙ ያስረዳል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በታቦት ስም ተጠራ፤ ሐማሴንና አከለ ጉዛይ የአገራቸውን ስም ያዙ፤ መቻል የጦር ሠራዊቱ ነበር። የድሬዳዋው ቡድን ግን የተጠራው በኩባንያ ስም ነው። ጥጥ ማኅበር፣ በሌላም አጠራር ኮተን፣ ሲባል ቡድኑ የማን እንደ ሆነ ስሙ ራሱ ይናገራል።

የፋብሪካ ቡድን አሠራር ለነጋዴ ሰው አስቸጋሪ አይደለም። ተጫዋቹ በፋብሪካው የደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ ይሰፍራል፤ ልምምድና ጨዋታ ባለበት ቀን ከሥራው ይለቀቃል፤ መለያውን፣ ጫማውንና የጉዞውን ወጪ ፋብሪካው ይችላል። እግር ኳስ ብቻውን እንጀራ በማያበላበት ጊዜ እንዲህ ያለው አሠራር ጎበዝ ተጫዋችን ከሩቅ አገር እንኳ ይስባል፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ኳሱ ቢቀርበት ሥራው ይቀርለታል። ፋብሪካውም በበኩሉ ስሙ በየጋዜጣው ይነሣለታል፤ ሠራተኛውም በድርጅቱ እንዲኮራ ይሆናል። ስለዚህ ተጫዋቹ በዛሬው አነጋገር ባለ ሙሉ ሙያ ባይባልም፣ ጊዜውን የሚገዛለት ደመወዝ ነበረው።

ከዚህ የተገኘው ፍሬ እጅግ የሚያስደንቅ ሆነ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጡ ቡድኖች በሚገናኙበት የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ጥጥ ማኅበር በ1952 ዓ.ም. አሸናፊ ሆነ። በ1953 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደው የዚያችው ከተማ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቡድን ኢትዮ ሲሚንቶ ነበር። በ1954 እና በ1955 ዓ.ም. ጥጥ ማኅበር መልሶ ወሰደው፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ሲሚንቶ፣ በ1957 ዓ.ም. እንደገና ጥጥ ማኅበር ሆነ። እንዲህ በሆነ አኳኋን የአገሪቱ ሻምፒዮንነት 6 ዓመት በሙሉ ከድሬዳዋ አልወጣም። አዲስ አበባና አስመራ ከእርስዋ እጅግ የሚበልጡ ከተሞች ሆነው ሳለ፣ በሁለት ፋብሪካዎች መካከል የነበረው ፉክክር ሁለቱንም አጠነከራቸው። አንዱ ነጋዴ ሱቁን ሲያሳምር ጎረቤቱም እንደሚያሳምር፣ አንዱ ፋብሪካ ቡድኑን ሲያበረታ ሌላው ዝም ብሎ ሊያይ አልቻለም።

የቡድኑ ዝና በአገር ውስጥ ብቻ አልቀረም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበረችውን የዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብጽን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ የብሔራዊው ቡድን አምበል የነበረው ሉቻኖ ቫሳሎ ለድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ከተጫወቱት አንዱ ነው። በዚያ ቀን ካገቡት አራት ጎሎች አንዱ የእርሱ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላም፣ የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደርጎ በ1957 ዓ.ም. በጋና ዋና ከተማ በአክራ ሲፈጸም፣ ጥጥ ማኅበር ለመጨረሻ ከቀረቡት አራት ቡድኖች አንዱ ሆነ። በግማሽ ፍጻሜው በማሊው ስታድ ማልየን 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ ዋንጫውንም የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደው። ከአንድ የጨርቅ ፋብሪካ የወጣ ቡድን በአህጉር ደረጃ ከአራቱ አንዱ ለመሆን መብቃቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ዋንጫው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመለሰ፤ ቀጥሎም የአስመራ ቡድኖች ተራ ደረሰ። ለፋብሪካው ቡድን ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በሜዳ ላይ አልነበረም። በጥር ወር 1967 ዓ.ም. ታላላቅ የኢንዱስትሪ ድርጅቶች በመንግሥት እንዲወረሱ ሲታወጅ፣ የፋብሪካዎች ባለቤትነት በአንድ ጊዜ ተለወጠ። በዚያ ሥርዓት የነበረው የሻምፒዮኖች ዝርዝር ራሱ የጊዜውን መንፈስ ያሳያል፤ በ1972 ዓ.ም. ትግል ፍሬ፣ በ1973 ዓ.ም. እርምጃችን የተባሉ ቡድኖች አሸናፊዎች ሆነዋል። ጥጥ ማኅበርም በ1975 ዓ.ም. አምስተኛውን ዋንጫ አገኘ፤ ያም የመጨረሻው ሆነ።

የመንግሥት ድርጅት የሆነ ፋብሪካ ቡድኑን የሚይዘው በበጀት ነው። በጀት ደግሞ ከፋብሪካው ጤንነት አይለይም። የአገር ውስጥ ጨርቅ በአሮጌ መሣሪያ ሲሠራ ዋጋው ይከብዳል። ድሬዳዋ ደግሞ ለባሕር በር ቅርብ ስለ ሆነች፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት የውጭ ጨርቅና ልባሽ ልብስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው ወደ እርስዋ ነው። ታይዋን እየተባለ የሚጠራው የከተማዪቱ ገበያ በርካሽ የውጭ ዕቃ ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ፋብሪካውን ወደ ድሬዳዋ የሳበው የንግድ በር፣ ኋላ ተወዳዳሪውን አስገባበት ማለት ነው። ፋብሪካው እየደከመ ሄዶ ሲቆም፣ ቡድኑ የሚቆምበት ሌላ እግር አልነበረውም። የራሱ ሜዳ፣ የራሱ ገቢ፣ ገንዘብ የሚያዋጡ የራሱ አባላት ያሉት ማኅበር ሳይሆን፣ የድርጅቱ አንድ የወጪ አርእስት ነበርና፣ መዝገቡ ሲዘጋ እርሱም አብሮ ተዘጋ።

የጎንደሩ ታሪክ ደግሞ ከዚህ በአንድ ዋና ነገር ይለያል። ዳሽን የቢራ ፋብሪካ በ1992 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በስሙ የተጠራው የዳሽን ቢራ የእግር ኳስ ቡድን እስከ ፕሪሚየር ሊግ ደርሶ ጎንደርን በታላቁ ውድድር አስጠርቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግን ቡድኑ ከሊጉ ወረደ፤ ከዚያም ፈረሰ። ፋብሪካው አልከሰረም፤ ቢራውም ከገበያ አልጠፋም።

እነዚህ ሁለት አወዳደቆች ጎን ለጎን ሲታዩ ትምህርታቸው ይጎላል። የድሬዳዋው ቡድን የጠፋው አሳዳጊው ስለ ደከመ ነው። የጎንደሩ ግን አሳዳጊው በሕይወት ሳለ ጠፋ። ለአንድ ድርጅት ቡድን የማስታወቂያ ወጪ እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ በታላቁ ሊግ ሳለ ስሙ በየሳምንቱ ይነሣል፣ ሲወርድ ግን ወጪው ሳይቀንስ የሚነሣው ስም ይቀንሳል። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው። ከዚህም ሌላ የመንግሥት ደንብ የአሳዳጊውን ሐሳብ ሊለውጥ ይችላል፤ ለምሳሌ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከልክሎአል። ስለዚህ በአንድ ኪስ የሚኖር ቡድን በሦስት በኩል ይጋለጣል፤ በአሳዳጊው ኪሳራ፣ በአሳዳጊው ስሌትና በሕግ ለውጥ።

ይህ ሲባል ከፋብሪካ የተወለደ ቡድን ሁሉ መሞቱ አይቀርም ማለት አይደለም። በጀርመን አገር የባየር የመድኃኒትና የኬሚካል ፋብሪካ ሠራተኞች በ1896 ዓ.ም. የመሠረቱት የሌቨርኩዘን ቡድን፣ በሆላንድም በ1905 ዓ.ም. ከፊሊፕስ ፋብሪካ የወጣው የአይንድሆቨን ቡድን እስከ ዛሬ አሉ። በአገራችንም የቡና ሠራተኞች ቡድን ሆኖ የተነሣውና ቀድሞ ቡና ገበያ ይባል የነበረው ኢትዮጵያ ቡና በ2003 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆኖአል። እነዚህ የዳኑት ከሠራተኛው ውጭ ያለው ሕዝብ ቡድኑን የራሱ ስላደረገው ነው። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስም ልዩ ልዩ ሥርዓቶችን ተሻግሮ የቆየው ደጋፊው ከአንድ ድርጅት ደጅ የማይወሰን ስለ ሆነ ነው።

ዛሬ በፕሪሚየር ሊግ ከሚጫወቱት ቡድኖች ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። ዳሽን ቢራ በወረደበት በ2008 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደገውና በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ፣ እንዲሁም ባሕር ዳር ከነማ የከተማቸውን ስም የያዙ ናቸው። የከተማ ስም ከኩባንያ ስም ይበልጥ ይጸናል፤ ከተማ አይከስርምና። ይሁንና በጀቱ ከአንድ ምንጭ ብቻ እስከ መጣ ድረስ የጥጥ ማኅበር አደጋ ሙሉ በሙሉ አልተወገደም። ለመንገድና ለውሃ የሚያስፈልግ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው የኳስ ወጪ መሆኑ የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በሱፐርስፖርት እንዲተላለፉ መደረጉ ከሜዳ መግቢያ ሌላ ገቢ ሊገኝ እንደሚችል ያሳየ መልካም ጅምር ነው፤ ዳሩ ግን ይህ ገቢ ለታላቁ ሊግ እንጂ በታች ላሉት ቡድኖች አይደርስም።

ስለዚህ የንግድ ሰው ለአንድ ቡድን መለያ እንዲያለብስ ወይም ገንዘብ እንዲሰጥ ሲጠየቅ፣ ከመፈረሙ አስቀድሞ እንደ ማንኛውም ውል ሊመረምራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ቡድኑ በሕግ ፊት የራሱ ሰውነት ያለው ማኅበር ነውን? ወይስ የሌላ ድርጅት ክፍል ነው? ከዓመት ወጪው ትልቁ ሰጪ የሚሸፍነው ስንቱን እጅ ነው? እርሱ ቢወጣ የቀሩት ቡድኑን ለአንድ የውድድር ዘመን ሊያቆዩት ይችላሉን? ዋንጫው፣ ፎቶግራፉና የተጫዋቾች መዝገብ በማን እጅ ይቀመጣል? ከልጆች የሚያሳድገው ቡድን አለውን? ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ያለው ቡድን፣ ከብዙ ባለ ሱቆች፣ ከሩዝ መፈልፈያ ባለቤቶችና ከመኪና ባለንብረቶች በየጥቂቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ያኖረዋል። መልስ የሌለው ግን አንድ ባለ ጸጋ ብዙ ቢሰጠውም ዕድሜው የሰጪው ፈቃድ ያህል ነው።

የፎገራ ገበሬ ይህን ጥበብ ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። በክረምቱ ጎርፍ ያበቀለውን ሩዝ ካነሣ በኋላ ማሳውን ባዶ አይተወውም፤ በመሬቱ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራበታል፤ አንዱ ቢከዳው ሌላው እንዲተካለት ነው። ጥጥ ማኅበር 5 ዋንጫና የአክራን ጉዞ የመሰለ መከር ሰብስቦ ነበር፤ ሁለተኛ ዘር ግን አልነበረውም።