ተጨማሪ መረጃ፦ ማን ቀድሞ ይበላል?

በመካነ ብርሃንና በደባርቅ ደጋ ከብት ሊጠብቅ የሚወጣ ወንድ ልጅ ኪሱ በገብስ ቆሎ ይሞላለታል፤ በሶም ይቋጠርለታል። እህቱ ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ወጡን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። «በላሽ?» ስትባል «ስቀምስ ጠገብኩ» ትላለች። ማመን ይከብዳል።

በ1998 ዓ.ም. በጅማና በአካባቢው ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ከ2,000 በላይ ልጆች ተጠይቀው ነበር። የቤቱ ቀለብ ሲያጥር፣ ችግሩ ደረሰብን ያሉት ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ በዝተው ተገኙ። ጉድለቱ ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም ማለት ነው።

ቤተሰብ ሲሰደድስ? በዳባት ወረዳ አለምዋጭ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ኤርትራውያን ስደተኞች ሰፍረዋል። በእንዲህ ያለ መጠለያ ራሽን በነፍስ ወከፍ ተቆጥሮ ይሰጣል፤ ትሪው ላይ ግን የሚቆጥር የለም። የወንድ ልጅ እረኝነት አገር ቤት ሊቀር ይችላል፤ የእህቱ ምድጃ ግን አብሮ ይሰደዳል።

«ወንድ ነውና ይብላ» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። በጉርምስና ዕድሜ ወንድ ልጅ በአብዛኛው ብዙ ጉልበት ሰጪ ምግብ ይፈልጋል። ብረት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ከ14 እስከ 18 ዓመት በቀን የሚመከረው ለወንድ 11፣ ለሴት 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ዋናው ምክንያት የወር አበባ ነው። (ጤፋችን በብረት ይመሰገናል፤ ከፊሉ ግን ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፤ ሰውነትም በደንብ አይጠቀምበትም።)