በፎቶግራፍ የቀረችው የኒቅያ ማርያም

ኒቅያን በስም የማያውቅ የኛ ሰው ጥቂት ነው። ሠለስቱ ምዕት በ325 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አርዮስን ያወገዙት እዚያ ነው። ዛሬ ኢዝኒክ ትባላለች፤ ከኢስታንቡል በስተደቡብ ምሥራቅ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ትንሽ የቱርክ ከተማ ናት። መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ መሀል ከተማ ያለችውን ሐጊያ ሶፍያን አይቶ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ በልቶ ይመለሳል። እኔ ግን ብጠየቅ በደቡብ ምሥራቁ ማዕዘን ወዳለው ባዶ ቦታ ሂዱ እላለሁ። እዚያ ዝቅ ካለ የግንብ ቅሪትና ከወለል ስባሪ በቀር ምንም የለም። በእመቤታችን ዕረፍት ስም የተሠራችው ቤተ ክርስቲያን የነበረችው ግን እዚያ ነው።

ሂያኪንቶስ የተባለ መነኩሴ የመሠረተው ገዳም ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከ1204 በኋላ፣ ቁስጥንጥንያ በመስቀል ጦረኞች እጅ ሳለች፣ ኒቅያ የቢዛንታይን መናገሻ ሆና ነበርና ንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ ላስካሪስ የተቀበረው በዚሁ ገዳም ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ከሺህ ዓመት በላይ ቆማ፣ በ1922 በግሪክና በቱርክ ጦርነት ፈረሰች። ደግነቱ ከጥፋቱ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1912፣ ኒኮላይ ክሉጌ የተባለ ሩሲያዊ ሞዛይኮቿን ፎቶ አንሥቷቸው ነበር።

ከፎቶዎቹ ሁሉ የሚበልጠው የመቅደሱን ግማሽ ጉልላት የሚያሳየው ነው። በወርቃማ መደብ ላይ ምስለ ፍቁር ወልዳ ትታያለች፤ ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ ቆማለች። ሥዕሏን ትቶ ዙሪያዋን ያስተዋለ ሰው ወርቁ አንድ ወጥ አለመሆኑን ያያል። ሞዛይክ የሚሠራው ጥቃቅን የመስታወትና የድንጋይ ቅንጣቶችን ባልደረቀ ልስን ላይ በመትከል ነው። አንዱን ክፍል ቆርጦ አውጥቶ ሌላ የተካ ባለሙያ፣ የቱንም ያህል ቢጠበብ፣ አዲሱ ከአሮጌው የተጋጠመበት መስመር ያጋልጠዋል። እዚህ መስመሩ በእመቤታችን ግራና ቀኝ እጆቹን የዘረጋ ትልቅ መስቀል ይሠራል።

ታሪኩ ይህ ነው። መጀመሪያ የማርያም ሥዕል ነበረች። በስምንተኛውና በዘጠነኛው መቶ ዘመን ነገሥታቱ የቅዱሳንን ሥዕል ሲከለክሉ እሷን ነቅለው በቦታዋ መስቀል ተከሉ። ክልከላው በ843 ለመጨረሻ ጊዜ ሲያበቃ ደግሞ መስቀሉ ተነቅሎ ማርያም ተመለሰች። አስመላሹ ናውክራትዮስ የሚባል ሰው ነበር፤ ቅዱሳት ሥዕላቱን ያቆመ እሱ መሆኑን እዚያው ሞዛይኩ ላይ በግሪክኛ አስጽፏል። ስለዚያ ክርክር የተጻፉት መጻሕፍት በአብዛኛው የአሸናፊው ወገን ናቸው፤ ይህ ግድግዳ ግን ሁለቱንም ወገን በእኩል ይዞ ስለነበር እኔ ከመጻሕፍቱ ይልቅ እሱን አምናለሁ። ከመቅደሱ በላይ ሥልጣናት፣ ኃይላት እየተባሉ በየስማቸው የተጻፉ አራት መላእክት ዓርማ ይዘው ቆመው ነበር።

ከቦታው ሳይርቁ ከመሬት በታች የተሠራ ባለ ጉልላት የጠበል ቤት አለ። ከዚያ በተረፈ ከተማዋ በእግር የምትዳረስ ናት። አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ቅጥሯ ዙሪያውን ቆሟል፤ በሰሜን በኩል ባለው የኢስታንቡል በር ላይ ከድንጋይ የተፈለፈሉ ትላልቅ ፊቶች አላፊውን ቁልቁል ያያሉ። ሐጊያ ሶፍያ ሥዕል እንዲከበር የወሰነው የ787ቱ ሰባተኛው ጉባኤ የተካሄደባት ናት። በ1331 የኦቶማኑ ገዢ ኦርሃን ከተማዋን ሲይዝ መስጊድ ሆነች፤ በኋላ ሙዚየም ተደርጋ ከ2011 ጀምሮ ዳግም ይሰገድባታል። ሐይቁ ውስጥ ደግሞ በ2014 ከአየር በተነሣ ፎቶ አንድ ጥንታዊ ባሲሊካ ከውኃ በታች ተገኘ። ውኃው እየሸሸ ሲሄድ ግንቡ ብቅ ብሏል።

ለሮማውያኑ ቲያትር ጊዜ ማትረፍ ይገባል። አገረ ገዢው ፕሊንዮስ በሁለተኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ስለዚሁ ሕንፃ ለንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ አቤት ብሎ ነበር፦ ከአሥር ሚሊዮን ሰስቴርቲየስ በላይ ፈሶበት ገና አላለቀም፣ ግንቡ ሰምጧል፣ ተሰነጣጥቋልም። ትራያኖስም አንተው እዚያው ነህና ራስህ ወስን ብሎ ጉዳዩን መለሰለት።