ልጁ ዓይንዎ ሥር እንዲጫወት ቴሌቪዥን ሊገዙ ነው?

በቦርደዴ አስፋልት ዳር ለአፍታ ቢቆሙ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ከጅቡቲ የሚወጣው ተሳቢ መኪና አያባራም። ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይህን መንገድ ተሻግሮ ጆተኒና ፕሌይስቴሽን ወዳለበት ቤት የሚሮጥ ከሆነ ሐሳብ ቢገባዎት አይገርምም። ለአንድ ጨዋታ የሚከፈለው ብር ትንሽ ይመስላል፤ በወር ሲደመር ግን ትንሽ አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ ስንት ሰዓት ወደ ቤት እንደሚገባም አያውቁም። እናም «ማጫወቻውንም ቴሌቪዥኑንም ገዝቼ ሳሎን ላድርገው» ብለው ቆርጠዋል እንበል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ዛሬ አንድ ደህና ቴሌቪዥን የደመወዝተኛን የወራት ገቢ ይጠይቃል፤ ተሳስተው ቢገዙ በሚቀጥለው ዓመት የሚለውጡት ዕቃ አይደለም። ለዜናና ለድራማ ግሩም የሆነ ቴሌቪዥን ደግሞ ለጌም የማይረባ ሊሆን ይችላል። ልጁ ሁለት ቀን ተጫውቶበት «ይዘገያል» ብሎ ወደ ጌም ቤቱ ከተመለሰ የወጣው ገንዘብ ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

«ይዘገያል» የሚለው ቅሬታ የልጅ ሰበብ አይምሰልዎ። ጆይስቲኩ ከተጫነ በኋላ ተጫዋቹ ስክሪኑ ላይ እስኪንቀሳቀስ ድረስ የሚያልፍ ጊዜ አለ። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ምስሉን ከማሳየቱ በፊት ቀለሙን ያደምቃል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፤ ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ድራማ ሲያዩ ምንም አይታወቅዎትም። ጌም ላይ ግን መዘግየቱ 100 ሚሊ ሰከንድ ሲደርስ በግልጽ ይሰማል። በኃይል የተመታ ፍጹም ቅጣት ምት መረቡ ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ ከዚያ ላይ አንድ አሥረኛ ሰከንድ የተሰረቀበት በረኛ ምን ሊያደርግ ይችላል? መፍትሔው «ጌም ሞድ» የሚባለው ማስተካከያ ነው። ሲበራ ቴሌቪዥኑ ማሳመሩን ትቶ ምስሉን ቶሎ ያደርሳል፤ ጥሩ በሆኑት ላይ መዘግየቱ ከ20 ሚሊ ሰከንድ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ ከኢንቹ በፊት የሚጠይቁት ይህንን ይሁን።

ጠይቀው ብቻ ግን አይመኑ። ማጫወቻውን ከቤት ይዘው ይሂዱና ሱቁ ውስጥ ይሰኩት፤ ልጁም አብሮዎት ይሂድ፣ ከእርስዎ ይልቅ እሱ ቶሎ ይለየዋል። ሁለት ቴሌቪዥን ማወዳደር ከፈለጉ ስልክዎን ስሎው ሞሽን ላይ አድርገው የልጁን ጣትና ስክሪኑን ባንድ ላይ ይቅረጹ። በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ከሆነ እያንዳንዱ ምስል 4 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ጣቱ ከተጫነበት ተጫዋቹ እስከተንቀሳቀሰበት ያሉትን ምስሎች ይቁጠሩ፤ በተመሳሳይ ጌም ቁጥሩ ያነሰበት ቴሌቪዥን ይሻላል። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁር ሌላ ሱቅ አለ።

ቀጥሎ ካርቶኑ ላይ የሚያዩት ሄርዝ የሚባለው ቁጥር ነው። ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚለውጥ ይናገራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለአግባብ ይከፍላል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ አያወጣም፤ ለእሱ ባለ 120 ሄርዝ ስክሪን መግዛት ለባጃጅ የአውሮፕላን ነዳጅ እንደመግዛት ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 120 ይደርሳል፤ በ4ኬ ጥራት እዚያ ለመድረስ ግን ቴሌቪዥኑ ኤችዲኤምአይ 2.1 የተባለው መሰኪያ ሊኖረው ይገባል። ያም ሆኖ 120ን የሚጠቀሙት ጌሞች ጥቂት ናቸው፤ ልጆቻችን የሚሞቱለት የኳስ ጌም በ60 ይበቃዋል። «ሞሽን ሬት» እየተባለ የሚጻፈውን ትልቅ ቁጥር ከሄርዝ ጋር አያምታቱት፤ እሱ የማስታወቂያ ቁጥር ነው። ቤትዎ ያለው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፕሌይስቴሽን 2 ትውልድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመዱን የሚቀበል ቀዳዳ በአዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ላይ እየጠፋ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ጀርባውን ያዙሩና ይዩ።

«4ኬ» የሚለው ጽሑፍም ያታልላል። 4ኬ መቀበልና 4ኬ ማሳየት ይለያያሉ። ርካሽ ባለ 32 ኢንች ስክሪኖች ብዙውን ጊዜ 1366 በ768 ነጥብ ብቻ ናቸው፤ ካርቶኑ ላይ ምንም ቢለጠፍ። ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር ስልክዎ ላይ ይፈልጉት።

አሁን ወደ ሳሎንዎ እንምጣ። በብዙ የሐረርጌ ቤት ፍራሽና ትራሱ ግድግዳውን ይዞ ዙሪያውን ይዘረጋል፤ በበርጫ ሰዓት እንግዳው ቴሌቪዥኑን የሚያየው ከጎን ነው። ልጆቹም ሲጫወቱ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተራ ጠባቂዎቹ ዳር ይኮለኮላሉ። አንዳንድ ስክሪን ከጎን ሲያዩት ይገረጣል። ሱቅ ውስጥ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሄደው ይመልከቱ፤ አይፒኤስ የተባለው ፓነል በዚህ ረገድ ይሻላል። ኦሌድ የሚባለው ውዱ ስክሪን ለጌም ፈጣን ነው፤ እኔ ግን ለቦርደዴ ሳሎን አልመርጠውም። ቀን ቀን በሩ ተከፍቶ ብርሃን በሚገባበት ክፍል ድምቀቱ ያንሳል፤ የኳስ ጌም የውጤት ሰሌዳ ደግሞ ለሰዓታት አንድ ቦታ ስለሚቆም በጊዜ ብዛት አሻራውን ስክሪኑ ላይ ሊተው ይችላል። ስለ መጠኑ ብዙ አይጨነቁ፤ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ለሚቀመጡ ባለ 43 ኢንች ይበቃል።

የቤቱ እመቤት «ድራማዬ ሊበላሽብኝ ነው» ካሉ ያረጋጓቸው። በአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ጌም ሞድ የሚሠራው ማጫወቻው በተሰካበት ቀዳዳ ላይ ብቻ ነው፤ ሪሲቨሩ በሌላው ቀዳዳ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል። ሪሞቱ በማን እጅ ይሁን የሚለውን ግን ማንም ፋብሪካ አልፈታውም።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚሉት መብራቱን ነው። ቴሌቪዥን የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ ኃይሉ ከፍና ዝቅ እያለ ይመጣል። ባለ 43 ኢንች ስክሪን 100 ዋት ገደማ፣ ፕሌይስቴሽን 5 ሲጫወቱበት 200 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ስለዚህ 1000 ቪኤ ስታብላይዘር ሁለቱንም ይችላል። ሲገዙ መብራት ከመጣ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ የሚለቅ ቁልፍ ያለውን ይምረጡ። ገንዘቡ ካልበቃዎት ከኢንቹ ይቀንሱ እንጂ ስታብላይዘሩን አይተዉ። በእኔ አስተያየት ስታብላይዘር ያለው ባለ 43 ባዶውን ከተሰካ ባለ 55 ይበልጣል። ልጁም መብራት በሄደ ቁጥር ሶኬቱን መንቀል ይልመድ።

ሙቀቱም አለ። ጭሮ ላይ ጃኬት በሚለበስበት ቀን ቦርደዴ ቆላ ነው፤ ወበቁን ያውቁታል። የፕሌይስቴሽን መመሪያ ማሽኑ እንዲሠራ የሚፈቅደው ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ አየር ውስጥ ነው። በከሰዓቱ ግለት ዳንቴል አልብሰው ቡፌ ውስጥ መስታወት ከዘጉበት ከዚያ ያልፋል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ቆይቶም ራሱን ያጠፋል። ቡፌው አናት ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገው ያስቀምጡት፤ ቴሌቪዥኑም የቆርቆሮው ሙቀት በቀጥታ የማያገኘው ግድግዳ ይምረጡለት። ከአስፋልቱ የሚገባውን አቧራ በየሳምንቱ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። ጨዋታውን ወደ ምሽት ማዞር ለማሽኑም ለቤት ሥራውም ይመቻል።

ግዢው ወደ አዳማ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሊወስድዎ ይችላል። የድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ዋጋው ያጓጓል፤ ነገር ግን ደረሰኝ የሌለው ዕቃ መንገድ ላይ ኬላ ሊያስቀረው ይችላል፣ ዋስትናም የለውም። ሳይከፍሉ በፊት ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ምስል አስከፍተው የሞተ ነጥብ ወይም ጥላ እንዳለው ይዩ። ከዚያ በመጣበት ካርቶንና ፎም ያስገቡት። ከድሬዳዋ በቁልቢና በጭሮ ተጠማዝዞ የሚወርደው መንገድ ረጅም ነው፤ ስክሪን ተኝቶ ሲጫን ሊሰነጠቅ ይችላል። ረዳቱ «ከላይ እንጫነው» ቢል እሺ አይበሉ፤ አንድ ወንበር ከፍለውለት ቆሞ ከጎንዎ ይምጣ።